«ነፃ» የትራክ ስልጠና፦ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን እወቁ

«ሲዲኤል በነፃ እናሰለጥናለን፣ ትኬትና ሆቴል በእኛ፣ ስትጨርሱ ሥራው ዝግጁ ነው።»

አሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ ይህን ዓይነት ማስታወቂያ ስልካችሁ ላይ ሳታዩ የቀራችሁ አይመስለንም። ከዳላስም፣ ከሲያትልም፣ ከዲሲ አካባቢም «እውነት ነው ወይ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁናል።

አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ እውነት ነው። ትልልቅ የትራክ ኩባንያዎች ምንም ልምድ የሌለውን ሰው ወስደው፣ አሰልጥነው ይቀጥራሉ። ግን ነፃ አይደለም። የምትከፍሉት በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በጊዜና በፊርማ ነው። መሪ ከመጨበጣችሁ በፊት ውል ትፈርማላችሁ፤ ውሉን ሳይረዳ የፈረመ ሰው ደግሞ ሥራውን በቅጡ ሳይጀምር ባለዕዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሂደቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ በቅደም ተከተል እናሳያችሁ።

«ነፃ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ሲዲኤል በአሜሪካ ከባድ ተሽከርካሪ ለመንዳት የሚያስፈልገው መንጃ ፈቃድ ነው። ተሳቢ የሚጎትተውን ትልቁን ትራክ ለመንዳት «ክላስ ኤ» የሚባለው ያስፈልጋል። ይህን በግል ትምህርት ቤት ልማር ካላችሁ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። ኩባንያው የሚላችሁ እንዲህ ነው፦ «የትምህርቱን እኔ ልቻል፣ አንተ ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ሥራልኝ።» ጊዜው ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት አካባቢ ነው፤ አንዳንዱ ጋ ያንሳል፣ አንዳንዱ ጋ በተነዳ ማይል ይቆጠራል። ከዚያ በፊት ከለቀቃችሁ ወይም ከተባረራችሁ ግን «የትምህርቱን ሂሳብ ክፈሉ» ትባላላችሁ።

ኩባንያው ይህን የሚያደርገው ለጽድቅ አይደለም። የረጅም ርቀት ሥራ ሰው ቶሎ ቶሎ የሚለቅበት ሥራ ነው። ትራኩ ደግሞ ከቆመ ገንዘብ አያመጣም። አዲስ ሰው አሰልጥኖ በውል ማሰር ለኩባንያው ያዋጣዋል። በዚያ ላይ ሰልጣኙ መንገድ ላይ ሲለማመድ ከኋላው ያለው ተሳቢ ባዶ አይደለም፤ የደንበኛ ዕቃ እየተጓጓዘበት ነው።

ይህ ጉዳይ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ያውቃል። ዶሚኒክ ኦሊቬራ የተባለ ሾፌር ኒው ፕራይም የተባለውን ኩባንያ «በስልጠና ስም ያለ ተገቢ ክፍያ አሠርቶኛል» ብሎ ከሰሰ። ኩባንያው «ውሉ ላይ ክርክር በግልግል ዳኝነት ይታያል ይላልና ፍርድ ቤት መሄድ አትችልም» አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥር 2019 (እ.ኤ.አ.) 8 ለ 0 በሆነ ድምፅ ለሾፌሩ ወሰነ፤ የፌዴራሉ የግልግል ሕግ እንደ እሱ ያሉ የትራንስፖርት ሠራተኞችን ወደ ግልግል አያስገድድም አለ። ነጥቡ ገብቷችኋል? ሰውዬው ዓመታት የተከራከረው ስለፈረመው ወረቀት ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት የሚታዩ ነገሮች

ዕድሜ፦ ከስቴት ወደ ስቴት ለመንዳት ሕጉ 21 ዓመት ይጠይቃል። በአንድ ስቴት ውስጥ ብቻ ከሆነ ከ18 ጀምሮ ይቻላል፤ ግን አብዛኞቹ ትልልቅ ኩባንያዎች 21 የሞላውን ነው የሚፈልጉት።

ወረቀት፦ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ካላችሁ (በዲቪ የመጣችሁም ማለት ነው) በዚህ በኩል ችግር የለም። በሥራ ፈቃድ ብቻ ያላችሁ፣ ለምሳሌ የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ያላለቀ፣ ግን ጠንቀቅ በሉ። የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር በመስከረም 2025 (እ.ኤ.አ.) ለዚህ ዓይነት ነዋሪዎች ሲዲኤል መስጠትን በእጅጉ የሚያጠብብ ደንብ አውጥቷል፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደርሷል። ስለዚህ የምትኖሩበትን ስቴት ዲኤምቪ ሳትጠይቁ ሥራ አትልቀቁ፣ ውልም አትፈርሙ። «ችግር የለም፣ ና ብቻ» የሚል ቀጣሪ መንጃ ፈቃዱን የሚሰጠው እሱ አይደለም።

እንግሊዝኛ፦ ሕጉ ሾፌሩ የመንገድ ምልክት እንዲያነብ፣ ከፖሊስና ከተቆጣጣሪ ጋር እንዲነጋገር፣ ሪፖርት እንዲሞላ ይጠይቃል። ሕጉ ድሮም ነበር፤ ከሰኔ 25 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን መንገድ ላይ የቋንቋ ፈተናውን ያላለፈ ሾፌር ወዲያው መንዳት እንዲያቆም ይደረጋል። የተግባር ፈተናውም ላይ አስተርጓሚ አይፈቀድም። እንግሊዝኛችሁ ደከም ካለ «ከየት ነው የመጣኸው? ምን ጭነሃል? ወዴት ነው? ስንት ሰዓት ነዳህ?» ለሚሉት ጥያቄዎች ጮክ ብላችሁ መልስ ተለማመዱ።

ጤና፦ የዲኦቲ የሕክምና ምርመራ አለ። ዓይን፣ ጆሮ፣ የደም ግፊት፣ ስኳር ይታያል። ካለፋችሁ የሚሰጣችሁ ካርድ ቢበዛ ለ24 ወር ያገለግላል። ግፊት ያለበት ሰው አጠር ያለ ጊዜ ሊሰጠው ይችላል። የምትወስዱትን መድኃኒት አትደብቁ።

አደንዛዥ ዕፅ፦ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ማሪዋና በምትኖሩበት ስቴት ቢፈቀድም ለሲዲኤል ሾፌር በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ጫትም ያው ነው፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር በአሜሪካ ሕግ በጣም ከተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ ነው። «እንቅልፍ ያባርርልኛል» ብሎ ትራክ ውስጥ ይዞ መገኘት ሥራንም፣ መንጃ ፈቃድንም፣ የኢሚግሬሽን ጉዳይንም አደጋ ላይ ይጥላል። ከጥር 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ በምርመራ የወደቀ ሾፌር ስም በፌዴራል መዝገብ ይገባል። አንዱ ኩባንያ ጋ ወድቆ ሌላው ጋ መሄድ ድሮ ቀረ።

ሀገር ቤት ከባድ መኪና ስትነዱ ለነበራችሁ፦ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ወደ ሲዲኤል አይቀየርም። ልምዱ እጅግ ይጠቅማችኋል፤ ፈተናው ግን ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ክፍልና ወረቀት

ኩባንያው ብዙ ጊዜ የአውቶብስ ትኬት ይልክላችሁና ስልጠናው ወዳለበት ከተማ ትሄዳላችሁ። ሆቴሉ ለአንድ ሰው አንድ ክፍል ላይሆን ይችላል፤ ከማታውቁት ሰው ጋር ልታድሩ ትችላላችሁ። ምግብ በራሳችሁ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ቢያንስ የሁለትና የሦስት ሳምንት ወጪያችሁን፣ እንዲሁም ቤት የምትተዉትን ኪራይ አስባችሁ ሂዱ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የዕፅ ምርመራው ይደገማል፣ ወረቀት ይሞላል፣ ውሉም ይቀርባል። አንዳንዱ ሰው እዚሁ ላይ ይመለሳል። የደበቀው የትራፊክ ጥፋት ወይም የሕክምና ጉዳይ ይወጣበታል። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ሁሉንም በስልክ በግልጽ ተናገሩ።

ከዚያ ፐርሚት ነው። ጠቅላላ እውቀት፣ የአየር ፍሬን እና ተሳቢ የሚሉት የጽሑፍ ፈተናዎች አሉ፤ ለማለፍ 80 ከመቶ ያስፈልጋል። ጥያቄዎቹ የሚወጡት ከስቴታችሁ የሲዲኤል መመሪያ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉን ከዲኤምቪ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ስልካችሁ ላይ ማውረድ ትችላላችሁ። ይህኛው ነፃ እውነተኛ ነፃ ነው። ከተቻለ ፐርሚቱን አውጥታችሁ ሂዱ፤ ምክንያቱም ፐርሚት ከያዛችሁ 14 ቀን ሳይሞላ የተግባር ፈተና መውሰድ አይቻልም።

ሁለተኛው ምዕራፍ፦ ያርድ ላይ

የምትነዱት ነገር ምን ያህል እንደሆነ ልንገራችሁ። ተሳቢው ብቻውን 53 ጫማ፣ ማለትም 16 ሜትር ገደማ ነው። ከነጭነቱ እስከ 80,000 ፓውንድ ይመዝናል፤ ከ36 ቶን በላይ ማለት ነው። በሰዓት 55 ማይል (88 ኪሎ ሜትር ገደማ) እየሄደ አደጋ አይታችሁ ፍሬን ብትይዙ፣ እስኪቆም 419 ጫማ፣ ማለትም ወደ 128 ሜትር ይሄዳል። ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ይረዝማል።

ፈተናው ሦስት ክፍል አለው።

አንደኛው ፍተሻ ነው፤ ሾፌሮቹ «ፕሪትሪፕ» ይሉታል። በትራኩ ዙሪያ እየዞራችሁ እያንዳንዱን ዕቃ በስሙ ትጠራላችሁ፣ ምን እንደምታዩበት በእንግሊዝኛ ትናገራላችሁ። የፊት ጎማ ጥርስ ከ4/32 ኢንች፣ የሌሎቹ ከ2/32 ኢንች ማነስ የለበትም። የአየር ፍሬን ፍተሻው ደግሞ በቅደም ተከተል ነው፦ ፍሬን ተረግጦ በ1 ደቂቃ ውስጥ ከ4 ፒኤስአይ በላይ አየር መጥፋት የለበትም፤ የአየር ማነስ ማስጠንቀቂያውም ግፊቱ 55 ፒኤስአይ ከመድረሱ በፊት መጮህ አለበት። ይህን የአየር ፍሬን ፍተሻ የሳተ ሰው እዚያው ይወድቃል። ብዙ ሐበሻ የሚቸገረው መንዳቱ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የቃላት ጉዳይ ነው። መፍትሔው ሽምደዳ ነው፤ ሆቴል ውስጥ ከክፍል ጓደኛችሁ ጋር እየተፈራረቃችሁ በሉት።

ሁለተኛው ወደ ኋላ መንዳት ነው። ቀጥታ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን መስመር ቀይሮ ወደ ኋላ፣ እንዲሁም በማዕዘን ወደ መጫኛ በር መግባት። ተሳቢ ያልለመደ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል፦ መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞሩ የተሳቢው ጭራ ወደ ግራ ይሄዳል። የሚቀልለው ቀስ በማለት ነው። ስትጠራጠሩ አቁማችሁ ውረዱና እዩ። መውረድ አያሳፍርም፤ የሰው መኪና መግጨት ነው የሚያሳፍረው።

ሦስተኛው የመንገድ ፈተና ነው፦ መታጠፍ፣ መስመር መቀየር፣ ሀይዌይ መግባት፣ የባቡር መሻገሪያ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ በአውቶማቲክ ትራክ ከተፈተናችሁ መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ የማንዋል ክልከላ ይጻፋል። ዛሬ ብዙ ኩባንያ አውቶማቲክ ስለሆነ ለመጀመር አይጎዳችሁም፤ ግን እወቁት። ሁለተኛ፣ ከየካቲት 7 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዲስ ሰልጣኝ በፌዴራል መዝገብ ላይ ከተመዘገበ አሰልጣኝ መማር ግዴታ ነው። ሕጉ ግን «ይህን ያህል ሰዓት» ብሎ አልወሰነም፤ የሚጠይቀው ችሎታውን ማሳየት ነው። ስለዚህ «በሦስት ሳምንት ትጨርሳለህ» የሚለው የኩባንያው ፕሮግራም እንጂ ሕግ አይደለም። ካልተዘጋጃችሁ ተጨማሪ ልምምድ ጠይቁ።

ሦስተኛው ምዕራፍ፦ ከአሰልጣኝ ጋር መንገድ ላይ

ብዙዎች ስልጠናው መንጃ ፈቃዱ ሲገኝ ያለቀ ይመስላቸዋል። ዋናው ነገር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ከልምድ ካለው ሾፌር ጋር ለሳምንታት አንድ ትራክ ውስጥ ትኖራላችሁ። «ትኖራላችሁ» ያልነው አውቀን ነው። ከኋላ ሁለት ተደራራቢ አልጋ አለ፤ ልብሳችሁ፣ ምግባችሁ፣ እንቅልፋችሁ ሁሉ እዚያ ነው። ሻወር ትራክ ስቶፕ ላይ ነው። አሰልጣኙ ሲያነዳ እናንተ ትተኛላችሁ፣ እናንተ ስትነዱ እሱ ይተኛል።

ይህ ለምን እንደሚሆን የሰዓት ሕጉን ስታዩ ይገባችኋል። አንድ ሾፌር 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ ቢበዛ 11 ሰዓት መንዳት ይችላል፤ እሱም ሥራ ከጀመረበት ሰዓት አንስቶ በ14 ሰዓት ውስጥ ነው። 8 ሰዓት ከነዳ ቢያንስ 30 ደቂቃ ያቋርጣል። ትራክ ላይ ያለው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይህን ሁሉ ይመዘግባል። ሾፌሩ አንድ ከሆነ ትራኩ ቢበዛ 11 ሰዓት ነድቶ ይቆማል። ሁለት ከሆናችሁ ግን በቀን እስከ 22 ሰዓት ሊጓዝ ይችላል። ለኩባንያውም፣ በማይል ለሚከፈለው አሰልጣኝም፣ የእናንተ መንዳት ገቢ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፦ በፐርሚት ብቻ እየነዳችሁ ከሆነ አሰልጣኙ አጠገባችሁ የፊት ወንበር ላይ መቀመጥ አለበት፤ መተኛት አይችልም። ሲዲኤሉ ከወጣ በኋላ ግን ሕጉ እንዲተኛ ይፈቅድለታል። አንዳንድ ኩባንያ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አሰልጣኙ ነቅቶ እንዲከታተል ያደርጋል፣ አንዳንዱ ወዲያው ያፈራርቃችኋል። ስልጠና ላይ ናችሁ ወይስ ርካሽ ሁለተኛ ሾፌር ናችሁ? ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከአሰልጣኝ ጋር አለመግባባት ያጋጥማል። ሲጋራ የሚያጨስ፣ የሚጮህ፣ ዝም የሚል ሊገጥማችሁ ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት የስልጠና ክፍሉን ስልክ ያዙ፤ አሰልጣኝ ይቀየርልኝ ማለት መብታችሁ እንደሆነና እንዴት እንደሚጠየቅ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በተለይ እህቶቻችን፣ ኩባንያው ለሴት ሰልጣኞች ምን ዓይነት አሠራር እንዳለውና ችግር ቢፈጠር ሌሊትም የሚነሳ ስልክ እንዳለ ሳትጠይቁ አትሳፈሩ። የትራኩን ቁጥርና ያላችሁበትን ቦታ ሁልጊዜ ቤተሰብ ወይም ጓደኛ ይወቅ።

ደክሟችሁ ወይም ታማችሁ «ንዳ» ብትባሉ እምቢ ማለት ትችላላችሁ። መንገዱ በረዶ ሆኖ ወይም ትራኩ ተበላሽቶ አደገኛ ከሆነም እንደዚሁ። ይህን ያለ ሾፌር ላይ ቅጣት መጣል በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው፤ ከተቀጣችሁ በ180 ቀን ውስጥ ለኦሻ አቤት ማለት ይቻላል። መልእክቱን በጽሑፍ ላኩ፣ ስክሪንሾት ያዙ።

ምግብን በተመለከተ፦ ትራክ ስቶፕ ላይ የምታገኙት በብዛት በርገርና የተጠበሰ ዶሮ ነው። ጾመኛ ከሆናችሁ ወይም ሐላል የምትበሉ ከሆነ ሽሮ፣ ምስር፣ ሩዝና በመኪና የሚሠራ ትንሽ ማብሰያ ብትይዙ ኪሳችሁም ሆዳችሁም ያመሰግናችኋል። ግን አስቀድማችሁ አሰልጣኙን አስፈቅዱ፤ ትራኩ የእሱም ቤት ነው።

ብቻችሁን ስትወጡ

ስልጠናው ሲያልቅ ኩባንያው በራሱ ይፈትናችሁና የራሳችሁን ትራክ ይሰጣችኋል። የመጀመሪያው ደመወዝ ግን ብዙ ሰው ያስደነግጣል። በስልጠና ወቅት ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በሳምንት የተቆረጠ ሂሳብ ነው፤ ከዚያ በኋላ በማይል ይሆናል። ለምሳሌ ያህል በማይል 50 ሳንቲም ቢሆንና 2,000 ማይል ብትነዱ 1,000 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ ታክስ፣ የጤና ኢንሹራንስ፣ ካለም የስልጠናው ሂሳብ ይቀነሳል። መጋዘን በር ላይ አምስት ሰዓት ተገትራችሁ ብትውሉ ማይሉ አይቆጥርም፤ የ14 ሰዓቱ ሰዓት ግን ይቆጥራል። አዲስ ሾፌር ደግሞ መንገድ ይሳሳታል፣ ለመግባት ለመውጣት ጊዜ ይፈጅበታል። የመጀመሪያዎቹን ወራት ገቢ በማስታወቂያው ላይ ባለው ቁጥር አታስሉ።

ሌላም አለ። ገና ልምድ ሳታገኙ «ትራክ በሊዝ ውሰድና የራስህ አለቃ ሁን» የሚል ግብዣ ሊመጣ ይችላል። ያኔ የትራኩ ክፍያ፣ ነዳጁ፣ ጥገናው በእናንተ ላይ ይሆናል። ሥራ ቢቀዘቅዝም ክፍያው አይቀዘቅዝም። ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት በተቀጣሪነት ጨርሱ።

ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ

1. የስልጠናው ዋጋ ውሉ ላይ በዶላር ስንት ተብሎ ተጽፏል?
2. ስንት ወር ወይም ስንት ማይል መሥራት አለብኝ? የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው?
3. ግማሹን ሠርቼ ብለቅ የምከፍለው ግማሹን ነው ወይስ ሙሉውን?
4. እነሱ ቢያሰናብቱኝ ወይም ብታመምስ እከፍላለሁ?
5. ዕዳው ላይ ወለድ አለ? ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ይተላለፋል?
6. በስልጠና ወቅት በሳምንት ስንት ይከፈለኛል? ከየትኛው ቀን ጀምሮ?
7. ከአሰልጣኝ ጋር ስንት ሳምንት ነው? እኔ ስነዳ እሱ የሚተኛው ከመቼ ጀምሮ ነው?
8. ፈተናውን ብወድቅ ስንት ጊዜ መድገም እችላለሁ? ወጪውስ የማን ነው?
9. በስንት ሳምንት አንዴ ቤት እገባለሁ?

መልማዩ በስልክ «አታስብ» ያላችሁ ነገር ወረቀቱ ላይ ከሌለ፣ እንዳልተባለ ቁጠሩት። ውሉን አስቀድሞ በኢሜል እንዲልክላችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛውን በደንብ የሚያነብ ሰው አብሯችሁ ይየው። «ውሉን እዚህ ስትደርስ ነው የምታየው» ከተባላችሁ ሌላ ኩባንያ ፈልጉ፤ የሚያሰለጥነው እሱ ብቻ አይደለም።

ሀገር ቤት ላላችሁ ተከታታዮቻችን

ከላይ ያልነው ሁሉ አሜሪካ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ መሥራት ለሚችል ሰው ነው። «አሜሪካ ለትራክ ሹፌርነት እንልካለን፣ የፕሮሰስ ክፈሉ» የሚላችሁ ካለ እጃችሁን ሰብስቡ። እነዚህ የኩባንያ ስልጠናዎች ቪዛ አይሰጡም።

ትራክ መንዳት ብዙ ወገኖቻችንን ቤት ያስገዛ፣ ልጅ ያስተማረ ሥራ ነው። የኩባንያ ስልጠናም ገንዘብ ለሌለው ሰው ጥሩ በር ነው፤ ዓመቱን ጨርሶ ዕዳ የሌለበት፣ ልምድ ያለው ሾፌር ሆኖ የወጣ ብዙ ነው። ብቻ በሩ ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ ግቡ። ሰሞኑን ሊሄድ ሻንጣ የሚያዘጋጅ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ላኩለት፤ ሳይፈርም ይድረሰው።